ሚኒስትሮቼ ይጠብቁኛል

«ነገም ከቀረች እንደ አዲስ ከአንድ ነው የምትጀምረው ብላለች ነርሷ» አለች ሰማያዊ ፎልደር ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ሴት፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ባለጃንጥላ።

«ማን ናት?»

«እማማ ጭልፋ ናታ። የመዋለ ሕፃናቷ ምግብ አብሳይ። ሁለት ቀጠሮ አለፋት እኮ።»

«ምነው፣ ባሰባት እንዴ?»

«የለም፣ ሬዲዮ ላይ ወጥታ ነው።»

«ዘፍና?»

«ዘፍና ቢሆንማ ምን ነበረበት።»

ጋዜጠኛዋ ከሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ የደም ምርመራ ተራዋን ትጠብቃለች። አፍና አፍንጫዋን በማስክ፣ ፀጉር አልባ ራሷን በሻሽ ሸፍናለች። ባትሸፋፈንም ለውጥ አልነበረውም፤ ሰው የሚያውቃት በድምፅዋ እንጂ በመልኳ አይደለም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠዋት ዜና አንብባለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ «ሳልደብቅ» የሚል የሩብ ሰዓት ፕሮግራም አላት፤ ስለ ጡት ካንሰሯ፣ ስለ ምርመራው፣ ትራስ ላይ ስለቀረው ፀጉሯ፣ ስለ ማቅለሽለሹ፣ የአየር ሁኔታ እንደምታነብ በተረጋጋ ድምፅ ትናገራለች። እዚህ አግዳሚ ላይ ከተደረደሩት ሴቶች ገሚሶቹ የተመረመሩት እሷን ሰምተው ነው። ይህን ታውቃለች። ማወቋ እስከዛሬ ጠዋት ድረስ ደስ ያሰኛት ነበር።

ባለፎልደሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገሩን ዘረዘረችው። የሬዲዮዋ ሴት፣ ያቺ የካንሰሯ፣ ከአምስት ሳምንት በፊት መድኃኒት የሚሰጥበትን ክፍል ድምፅ ቀድታ ፕሮግራሟ ላይ አሰማችው። ማሽኑ ሲጮህ ይሰማል፣ የነርሷ ጫማ ይሰማል፣ ከዚያ መሀል የእማማ ጭልፋ ድምፅ ይሰማል፦ «እህቴ፣ ቶሎ ንቀይልኝ፣ ዛሬ ፓስታ ነው፣ ሚኒስትሮቼ ይጠብቁኛል።» ሕፃናቱን ሚኒስትሮቼ እያለች የምትጠራ ሴት በከተማው ውስጥ ሌላ የለችም። አንዲት እናት መኪና ውስጥ ሰማች፣ ለሌላዋ እናት ደወለች፣ ሰኞ ጠዋት ዐሥራ አንድ ወላጆች ዳይሬክተሯ ቢሮ ተሰልፈው ነበር። ማክሰኞ እማማ ጭልፋ እስክትድን ድረስ እንድታርፍ ተነገራት። «እስክትድን ድረስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ» አለች ባለፎልደሯ። ባለጃንጥላዋ አንገቷን ነቀነቀች፣ ታውቀዋለች።

ከዚያ ባለጃንጥላዋ ወደ ጋዜጠኛዋ ዞር አለች፤ ተራ ሲጠብቅ የተገናኘ ሰው ሁሉ የሚጠያየቀውን ጠየቀቻት። «አንቺስ እህቴ፣ ስንተኛ መድኃኒትሽ ነው?»

ጋዜጠኛዋ አፏን ልትከፍት ነበር። ድምፅዋ ከማስኩ ሊወጣ ጥርሶቿ ጋ ደርሶ ቆመ። አምስት ጣቶቿን አነሳች።

«ውይ፣ ጉሮሮሽን ነው እንዴ?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ባለጃንጥላዋ ተነስታ መጣች፣ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን በቀስታ እያሻሸች «አይዞሽ፣ ድምፅሽ ይመለሳል» አለቻት። ከቦርሳዋም አንድ ብርቱካን አውጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ያለው ሻጭ ብርቱካን በፍሬ ነው የሚሸጠው፤ ገበያ ላይ ሦስት በሚገዛ ዋጋ እዚህ አንድ ይገኛል፣ ምክንያቱም ለታማሚ ባዶ እጁን የሚገባ የለም። ጋዜጠኛዋ ይህን በአንድ ፕሮግራሟ ላይ ተናግራዋለች፣ አድማጮች ወደውት ነበር። አሁን ብርቱካኑን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ተቀጣ ተማሪ መሬት መሬት አየች። ተራ ቁጥሯ ሲጠራም አቤት አላለችም፤ እጇን አውጥታ ተነሳች።

ሬዲዮ ጣቢያው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመቅረጫው ክፍል ግድግዳ በተቦረቦረ ግራጫ ስፖንጅ ተሸፍኗል፤ መስኮት የለውም፤ ከሁሉም ጥግ የደረቀ ምንጣፍና የጋለ ሽቦ ይሸታል። ቴክኒሻኑ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንደ ሐብል አድርጎ ሳንድዊች ይበላል። የፕሮግራሙን ቅጂ እንዲከፍትላት ለመነችው፤ የትኛውን እንደሆነ አልጠየቃትም፣ ብዙ ሰው የሰማው ያ ነው። ሬዲዮ ሠሪዎች በገቡበት ክፍል ሁሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይቀዳሉ፤ ማንም ለእነሱ ያልተናገረበትን የክፍሉን ድምፅ። በኋላ ከንግግሩ ሥር ያነጥፉታል፣ አድማጩ እዚያው ቁጭ ያለ እንዲመስለው። ያን ቀን ከሐኪሙ ፈቃድ ጠይቃ ነበር፤ ከነርሷም ጠይቃለች። ስምንቱ ወንበር ላይ የተቀመጡትን አልጠየቀችም። የክፍል ድምፅ የሚፈቅድ ሰው የለም፣ ክፍሉ የማንም አይደለም። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም ሌላ ነገር አላስተማራትም።

አዳመጡት። «ሚኒስትሮቼ ይጠብቁኛል» የምትለው ቃል ከእሷ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ባለው ፋታ ላይ፣ ጥርት ብላ፣ ቦታ ተመርጦላት እንደ ተቀመጠች መጣች።

«ይሄ ከሥር ነበር እኮ መሆን ያለበት» አለች። «ለምን ከፍ አደረግካት?»

ቴክኒሻኑ ማላመጡን አቆመ። «አለቃ፣ እኔ ላወጣት ነበር። ተወው፣ ያምራል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እንዲያውም ትንሽ ከፍ አድርጋት ብለሽኛል።»

ብላለች። አሁን ትዝ አላት። ያኔ ያየችው አንድ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤት ያለው አልመሰላትም። ከፋይሉ እንዲቆርጣት አዘዘችው፤ ቆረጣት፤ ግን ሰው በየስልኩ የያዘውን መቁረጥ እንደማይችል ነገራት። ከዚያ ትንሽ አሰበና ቀለል ብሎት «ራሷን ለምን አታመጫትም? ዛሬ በቀጥታ ይቅርታ ጠይቂያት። ከተማው በሙሉ ያለቅሳል» አላት። ልትቆጣው ዞረች። መቆጣት አልቻለችም። ከሐኪም ቤት እስከዚህ ድረስ ታክሲ ውስጥ የይቅርታውን መግቢያ በልቧ ስትጽፍ ነበር፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ደርሳለች፤ ሙዚቃ የሚገባበትን ቦታ ሳይቀር አውቃዋለች። እስከ ዐሥር ሰዓት እመለሳለሁ ብላው ወጣች።

መዋለ ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ ጎማዎች ቀይና ቢጫ ተቀብተው ግማሽ ድረስ ተቀብረዋል። የዳይሬክተሯ ቢሮ ግድግዳ በሕፃናት ሥዕል ተሞልቷል፤ ብዙዎቹ ፀሐይ ናቸው፣ አንዱ ትልቅ ማንኪያ የያዘች ወፍራም ሴት ናት። ጋዜጠኛዋ «እንደምን ዋሉ» እንዳለች ዳይሬክተሯ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። በሩን ከፍታ ጸሐፊዋን ጠራቻት፤ «ነይ ስሚ፣ ድምፁን ስሚው» አለቻት። ጸሐፊዋ መጥታ ሰማች። ሻይ መጣ። ዳይሬክተሯ እጇን ይዛ፣ «አንቺ ልበልሽ፣ ስንት ዓመት ቤታችን ስትገቢ ስትወጪ የኖርሽ ልጅ ነሽ» አለች፤ ባሏ ጠዋት ሲላጭ የሚሰማው እሷን እንደሆነ፣ በእሷ ምክንያት ራሷም እንደተመረመረች፣ ነፃ ነሽ ሲሏት እንዳለቀሰች አወጋቻት። ማስኳን አውልቃ አብራት ፎቶ እንድትነሳ ለመነቻት። ጋዜጠኛዋ ማስኳን አወለቀች። ፈገግም አለች፤ ፊቷ ከልማዱ ነው ያደረገው።

ስለ ምግብ አብሳይዋ ስታነሳባት ዳይሬክተሯ ሻዩን አማሰለች፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «እኔ ብቻዬን ብሆን ምንም አልነበረም» አለች። «ወላጆች ናቸው። ሕፃን ልጅ ነው፣ ምግብ ነው፣ እጅ ነው። እንደማይተላለፍ እኔም አውቃለሁ፣ አንቺው ነሽ የነገርሽን። ግን ወላጅን እንዴት ታስረጂዋለሽ?»

«እኔም እኮ ያው በሽታ ነው ያለብኝ። አሁን እጄን ይዘውኝ ነበር።»

«ያንቺ ሌላ ነው» አለች ዳይሬክተሯ፣ በእውነት እንደምታምነው። «አንቺ ጀግና ነሽ።»

ከዚያ ሐሳብ መጣላት። በፕሮግራሟ ላይ ስለዚህ መዋለ ሕፃናት ሁለት ደግ ቃል ብትናገር፣ ሠራተኞቻቸውን እንዴት እንደሚንከባከቡ ለምሳሌ፣ ወላጆችም ይረጋጋሉ፣ ሴትዮዋም ቀስ ብላ ትመለሳለች፤ ማብሰያ ቤት ባይሆን እንኳ ልብስ ማጠቢያው ጋ። ጋዜጠኛዋ አይሆንም ማለት ነበረባት። «አስብበታለሁ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ በጣም የተለማመደ፣ በጣም ጨዋ ነበር።

የምግብ አብሳይዋን ቤት የነገራት በር ላይ ያለው ጥበቃ ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ አልፎ፣ ቧንቧው ያለበት ግቢ፣ መጨረሻው ክፍል። «ልጆቹ ሦስት ቀን ምሳ አንበላም ብለው ነበር» አላት በሩን እየከፈተ። «አሁን ይበላሉ። አዲሷም መጥፎ አይደለችም፣ ጨው ታበዛለች እንጂ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ግቢው ውስጥ ገባች። ቧንቧው ሥር ጄሪካኖች ተሰልፈዋል፤ ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ውኃውን በጠብታ ይጥላል። በሩን የከፈተችላት ራሷ ምግብ አብሳይዋ ናት፤ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት፣ የመዋለ ሕፃናቱ ስም ደረቱ ላይ የተጠለፈበት ነጭ ሽርጥ ለብሳለች። ከሥራ የወጣች ሰው አትመስልም። መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ሦስት ወንበር ተራርቀው አራት ወር ሙሉ ተያይተዋል፤ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር፣ አንድ ቀንም ብርድ ልብስ ተዋውሰዋል። አሁን ምግብ አብሳይዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

«ደግሞ ምን ልትቀጂ መጣሽ?» አለቻት በሹክሹክታ። «ቦርሳሽ ውስጥ ምን አለ?»

ጋዜጠኛዋ ቦርሳዋን ከፍታ አሳየቻት፤ መሀረብ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ብርቱካን፣ ስልክ። ምግብ አብሳይዋ ወደ ስልኩ ጠቆመች። አውጥታ አጠፋችው፣ የጠፋውንም ስክሪን ወደ እሷ አዙራ አሳየቻት። እንዲህ ያለ ፍተሻ በዕድሜዋ ተደርጎባት አያውቅም። ትክክል ነው አለች በልቧ፣ ትክክል መሆኑም አላቀለለላትም።

ምግብ አብሳይዋ በር ላይ እንደቆመች በሹክሹክታ ነገረቻት። እናቷ ውስጥ ናቸው። ታላቅ እህቷን የዛሬ ስምንት ዓመት በዚሁ በሽታ ቀብረዋል፤ የእሷን አያውቁም፤ እንዲያውቁም አትፈልግም። ከሥራ መቅረቷንም አያውቁም። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሽርጧን ለብሳ ትወጣለች፣ አውቶብስ መናኸሪያው ውስጥ መንገደኛ መስላ ትቀመጣለች፣ ስምንት ሰዓት ላይ ትመለሳለች። «ዛሬ ምን በሉ ይሉኛል፣ ሩዝ እላቸዋለሁ፣ ነገ ደግሞ ድንች። እስካሁን አራት ሳምንት ምግብ አብስያለሁ» አለች፣ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጥቶ ሄደ። ወደ ሕክምናው ያልሄደችው ለምን እንደሆነም ሳትጠየቅ ተናገረች። «ያንን ወንበር ሳስበው ማን እንደሚቀዳኝ አላውቅም። እዚያ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የፈለግኩትን የምለው ቦታ ነበር።»

ጋዜጠኛዋ ታክሲ ውስጥ የጻፈችው አንቀጽ በሙሉ ጠፋባት። አንድ ነገር ብቻ ቀረላት፤ የመጣችበት እሱ ነው። «ነገ ካልመጣሽ ከአንድ ነው የምትጀምሪው» አለች።

ሹክ ማለቷ ነበር። ግን ሹክ ማለት አትችልም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ድምፅዋን ከደረቷ አውጥታ ሩቅ እንዲደርስ ስታሰለጥነው ኖራለች፤ ዝቅ ሲልም ጥርት ብሎ ይሰማል፣ የተከፈለችው ለዚያ ነው።

«ማን ናት?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ትንሽ ቆየና፣ «ይሄ ድምፅማ የዜናዋ ልጅ ነው።»

ምግብ አብሳይዋ ዓይኖቿን ጨፈነች።

«አስገቢያት እንጂ፣ ምን ደጅ ታቆሚያታለሽ» አሉ አሮጊቷ።

ክፍሉ አንድ ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። አሮጊቷ ከግድግዳው ጋር የተጠጋ አልጋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ራስጌያቸው መደርደሪያ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ ሬዲዮ አለ፣ ጨርቁ ንጹሕ ነው፣ ዳር ዳሩ ተጠልፏል። የጋዜጠኛዋን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። «በዚህ አገር የሞተውን ትልቅ ሰው ሁሉ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ» አሉ፣ ሳቅ እያሉ። «ታመመች ሲሉ ሰምቼ አዘንኩ። ሐሙስ ሐሙስ ላዳምጥሽ ስል ይቺ ልጅ ጣቢያውን ትቀይርብኛለች፣ ራሴን ያመኛል እያለች።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው እግር ኮቴ አዞሩ። «ለመሆኑ ከልጄ ጋር የት ነው የተዋወቃችሁት?»

ሦስት ውሸት ባንድ ጊዜ መጣላት፤ ሦስቱም ጥሩ ነበሩ፣ አንዱ ስለ ሕፃናት ምግብ የሚሠራ ፕሮግራም ነበር። ምግብ አብሳይዋን ቀና ብላ አየቻት። ምግብ አብሳይዋ የሽርጧን ማሰሪያ እየፈታች ነው።

«ተዪው» አለች። «ንገሪያቸው። እኔ አራት ወር ሞከርኩ፣ ቃሉ አልወጣልኝም። አንቺ ለምደሽዋል።» ሽርጡን አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ባዶውን ጄሪካን አንስታ ወጣች። ወዲያው ቧንቧው ተከፈተ።

ጋዜጠኛዋ ለዚህ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ነበራት። ካንሰር የሞት ፍርድ አይደለም ይላል፤ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ብላዋለች። አሁን አልመጣም። «ልጅዎ ታማለች» አለች። «እንደ እኔ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከእጇ ላይ ሳያነሱ በሌላው እጃቸው የብርድ ልብሱን ጠርዝ ፈልገው አገኙት፤ እየዳሰሱ ማስተካከል ጀመሩ። «ጡቷን?» አሉ።

«አዎ። ግን በጊዜ ነው የተገኘላት። መድኃኒቱ እየሠራ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀረች፣ በእኔ ምክንያት። ሥራዋንም ያጣችው በእኔ ምክንያት ነው፣ እኔ ነኝ ድምፅዋን...»

«ሥራ አጣች?»

ያኔ ነው የገባት። ምግብ አብሳይዋ ይህን ንገሪያቸው አላለቻትም። ጀምራ መጨረስ ለምዶባት ነው፤ አንድ ነገር እጇ ላይ ካለ አስቀርታ አታውቅም።

«ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጥታለች እኮ» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። «ሽርጧን ተኩሼላታለሁ፣ በዳበሳ።»

ውጭ ውኃው ጄሪካኑ ውስጥ ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ መጣ። አሮጊቷ አላለቀሱም። ነገ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሁለት ሰዓት ነው አለቻቸው። «ትሄዳለች» አሉ። «እኔም እሄዳለሁ። አንድ ወንበር ይሰጡኛል አይደል? የሚያፈጥ ሰው ቢኖር እንኳ እኔ አላየውም።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ቀልድ ሊያስመስለው ሞከረ፣ መሀል ላይ ግን ተሰበረ። ወደ ጋዜጠኛዋ ጠጋ አሉ፤ ልጃቸው እንዳትሰማቸው ይመስላል።

«አሁን ተመልሳ ትገባለች» አሉ። «ምን እላታለሁ? ያኔ ለትልቋ ምን እንዳልኩ ትዝ አይለኝም፣ የማይሆን ነገር ነው መሰለኝ ያልኩት። እናትሽ አለች?»

«አለች።»

«የነገርሻት ቀን ምን አለችሽ? እኔም እሱን እላታለሁ።»

ጋዜጠኛዋ የመጀመሪያው «ሳልደብቅ» ከመተላለፉ በፊት የነበረውን ረቡዕ አስታወሰች። ማታ ሄጄ እነግራታለሁ ብላ ነበር። ጽሑፉ አላለቀም፤ ቴክኒሻኑ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ መግቢያው ላይ አንዲት ቃል አልያዝላት ብላ እስኪመሽ ድረስ አስቀመጠቻት። ሐሙስ ተላለፈ፣ ስልኩ ሁሉ ተጨናነቀ፣ የማታውቃቸው ሰዎች አለቀሱላት። አርብ ጠዋት እናቷ ደወለች፤ ቁርስ በላሽ ወይ አለቻት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትደውላለች፤ በላሽ ወይ ትላለች፣ በላሁ ትላታለች፣ ይዘጋሉ። የሌላውን ነገር አንስተውት አያውቁም።

«አልነገርኳትም» አለች። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍሉ ግድግዳ ሳይደርስ ቀረ። «በሬዲዮ ነው የሰማችው።»

ቧንቧው ተዘጋ። አሮጊቷ የደከሙ ዓይኖቻቸውን ወደ እሷ አዞሩ፣ በትክክል ያልሰሙ መሰላቸው።

«ከእኛ ከአድማጮችሽ እኩል?» አሉ።